ኖርበርት ሪሊዩ፦ እንፋሎትን ደጋግሞ ያሠራ መሐንዲስ

ከእንጨት ፐልፕ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ የጎብኚ ዓይን የሚያርፈው ታጥቦና ተጣርቶ በሚወጣው ቃጫ ላይ ነው። ይሁን እንጂ የፋብሪካውን ትርፍና ኪሣራ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ከቃጫው ተለይቶ የሚቀረው ጥቁር ፈሳሽ ነው። ክራፍት በሚባለው ዘዴ፣ ማለትም እንጨት ከኮስቲክ ሶዳና ከሶዲየም ሰልፋይድ ጋር ከ160 እስከ 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ተቀቅሎ ፐልፕ ሲዘጋጅ፣ ከእንጨቱ ክብደት ግማሽ ያህሉ በቃጫነት ይገኛል። የቀረው ግማሽ ሟሙቶ ከመቀቀያው ኬሚካል ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ ጥቁሩ ፈሳሽ ሁለት ሀብት ያዘለ ነው፤ አንደኛው እንደገና ሊሠራበት የሚችል ኬሚካል ሲሆን፣ ሁለተኛው እንደ ማገዶ ሊነድ የሚችል የእንጨት አካል ነው። ሁለቱንም መልሶ ለማግኘት ፈሳሹ በምድጃ ውስጥ መቃጠል አለበት። ችግሩ ከመቶው 85 እጅ ያህሉ ውሃ መሆኑ ነው።

አንድ ቶን ፐልፕ ሲመረት 1.5 ቶን ያህል ደረቅ ነገር የያዘ 10 ቶን ጥቁር ፈሳሽ ይገኛል ተብሎ ቢታሰብ፣ ፈሳሹ በደንብ እንዲነድ ደረቅ ይዘቱን ከመቶ 70 ለማድረስ 8 ቶን የሚጠጋ ውሃ መትነን ይኖርበታል። ይህ ሥራ በአንድ ተራ ማፍያ ቢሞከር ከ8 ቶን የማያንስ እንፋሎት ይጠይቃል። ያም ፈሳሹ ራሱ ተቃጥሎ ከሚያስገኘው እንፋሎት ስለሚበልጥ፣ ሥራው ከማትረፍ ይልቅ ማገዶ መፍጀት በሆነ ነበር። ባለ ስድስት ደረጃ ማትነኛ ባለው ፋብሪካ ግን ያንኑ ውሃ ለማስወገድ 1.6 ቶን ገደማ እንፋሎት ይበቃል።

ይህን ልዩነት ያስገኘው ሐሳብ የመነጨው ከወረቀት ፋብሪካ አይደለም። የሐሳቡ ባለቤት የደከመው ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ውሃውን በአነስተኛ ማገዶ ለመለየት ነበር። ስሙም ኖርበርት ሪሊዩ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልዱና ትምህርቱ

ሪሊዩ ማርች 17 ቀን 1806 በኒው ኦርሊንስ ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ የምትገኝበት የሉዊዚያና ምድር ከፈረንሳይ ወደ አሜሪካ በሽያጭ የተላለፈው ገና በ1803 ስለ ነበረ፣ የነዋሪው ቋንቋም ሆነ ልማድ በአመዛኙ የፈረንሳይ ነበር። አባቱ ቬንሳን ሪሊዩ ነጭ ባለሀብትና በመካኒክ ሥራም ዕውቀት ያለው ሰው ሲሆን፣ እናቱ ኮንስታንስ ቪቫን ከአፍሪካ ዘር የምትወለድ ነፃ ሴት ነበረች። የአገሩ ሕግ በእንዲህ ዓይነቶቹ ሰዎች መካከል ጋብቻን አይፈቅድም ነበር። ይሁንና አባትየው ልጁን አልካደም፤ ስሙን ሰጠው፣ ለትምህርቱም ሳይሰስት ወጪ አደረገ። በኋላ ዘመን በሥዕል ጥበብ ስሙ የገነነው ፈረንሳዊው ኤድጋር ደጋ በአባቱ ወገን የሪሊዩ የሥጋ ዘመድ ነበር።

በዚያን ጊዜ የኒው ኦርሊንስ ሕዝብ በሦስት ይከፈል ነበር። ከላይ ነጮች፣ ከታች ባሮች፣ በመካከል ደግሞ ነፃ ሆነው በቀለማቸው የተለዩ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ የመካከለኞቹ ንብረት ማፍራት፣ መነገድና በእጅ ሙያ መሠማራት ይችሉ ነበር፤ መምረጥና በመንግሥት ሥልጣን ላይ መቀመጥ ግን አይፈቀድላቸውም ነበር። ሪሊዩ የተወለደው በዚህ ቦታ ላይ ነው። ከፍ ያለ ትምህርት በአገሩ ሊያገኝ ስለማይችል፣ አቅም ያላቸው የመሰሎቹ ቤተሰቦች እንደሚያደርጉት ወደ ፓሪስ ተላከ።

ፓሪስ በዚያ ዘመን የእንፋሎት ሳይንስ የሚፈላባት ከተማ ነበረች። ሳዲ ካርኖ ስለ ሙቀት አንቀሳቃሽ ኃይል የጻፈውን መጽሐፍ በ1824 ያሳተመው በዚያው ነው። ለኢንዱስትሪ መሐንዲሶች ማሠልጠኛ እንዲሆን ታስቦ ኤኮል ሳንትራል የተባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት በ1829 ተከፈተ። ሪሊዩም በ1830፣ ገና በ24 ዓመቱ፣ በዚሁ ትምህርት ቤት የተግባራዊ መካኒክ መምህር ሆነ። ስለ እንፋሎት ሞተርና ስለ እንፋሎት ቁጠባም ጽሑፎችን አዘጋጅቶ አቀረበ። በትውልድ አገሩ በምርጫ ድምፅ መስጠት የማይፈቀድለት ወጣት በፓሪስ መሐንዲሶችን የሚያስተምር ሆነ።

የጃማይካ ረድፍ

በሉዊዚያና የሀብት ሁሉ ምንጭ ከነበሩት ሰብሎች አንዱ ሸንኮራ አገዳ ነበር። አገዳው በወፍጮ ተጨምቆ የሚወጣው ጭማቂ አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ፣ ስኳሩ እንዲረጋ ውሃው መትነን አለበት። ለዚህ ሥራ ይውል የነበረው መሣሪያ የጃማይካ ረድፍ ይባል ነበር። ይኸውም ከትልቅ ወደ ትንሽ በተርታ የተደረደሩ፣ አፋቸው የተከፈተ የብረት ድስቶች ነበሩ። እሳቱ ከሥራቸው ይነዳል፤ ጭማቂው እየወፈረ በሄደ መጠን ባሮች እጀታው በረዘመ ጭልፋ ከአንዱ ድስት ወደሚቀጥለው ይገለብጡታል። የአገዳ መከር ወቅት አጭር በመሆኑ ሥራው ሌሊትና ቀን አይቋረጥም። በድካምና በእንቅልፍ እጦት መካከል የሚፈላው ጭማቂ የሰውን እጅና ፊት ያቃጥል ነበር።

መሣሪያው በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲህ ሲሆን፣ በማገዶና በምርት ላይ የሚያደርሰው ብክነትም የዚያኑ ያህል ነበር። አንድ ኪሎ ግራም ውሃን ከ0 ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ 100 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይበቃል። ያንኑ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን ተጨማሪ 540 ኪሎ ካሎሪ ይጠይቃል። በተከፈተ ድስት ይህ ሁሉ ሙቀት ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሰማይ ይወጣል። ከዚህም በላይ በቀጥታ እሳት የሚሞቀው ጭማቂ ስለሚያር ስኳሩ ይጠቁራል፤ ከፊሉም ወደ ሞላሰስነት ይለወጣል።

የእንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሃዋርድ የቫኪዩም ድስት ከ1810ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የታወቀ ነበር። አየሩ ተመጦ በወጣለት በተዘጋ ድስት ውስጥ ፈሳሽ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ በዚያ መሣሪያ የሚዘጋጀው ስኳር ከማረር ይድናል። ሆኖም ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት በቀዝቃዛ ውሃ ወደ ፈሳሽነት ተመልሶ ይጣል ስለ ነበር፣ የማገዶው ነገር እንደ ነበረ ቀረ።

ከአንድ እሳት ሦስት ሥራ

የሪሊዩ ሐሳብ በሚጣለው እንፋሎት ላይ ያነጣጠረ ነበር። ከመጀመሪያው ድስት የሚወጣ እንፋሎት የተሸከመው ድብቅ ሙቀት እንዳለ ነው፤ የቀነሰው የሙቀቱ ደረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ድስት ከመጀመሪያው ባነሰ ግፊት ውስጥ ቢቀመጥ፣ በውስጡ ያለው ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ያው የተናቀ እንፋሎት ሊያፈላው ይችላል። የሁለተኛው እንፋሎት ደግሞ በጠነከረ ቫኪዩም ውስጥ ያለውን ሦስተኛ ድስት ያፈላል። ውሃ በአንድ አትሞስፌር ግፊት በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በአትሞስፌር አንድ አምስተኛ ግፊት በ60 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በዚህ የ40 ዲግሪ ልዩነት ውስጥ አንድ ሙቀት ተራ በተራ ብዙ ጊዜ ሊሠራ ይችላል።

የስኳር ምህንድስና መጻሕፍት የሪሊዩ የመጀመሪያ መርህ ብለው የሚጠሩት ይህንኑ ነው። የማትነኛው ደረጃዎች ሦስት ከሆኑ አንድ ኪሎ ግራም እንፋሎት ሦስት ኪሎ ግራም ያህል ውሃ ያተናል፤ አራት ከሆኑ አራት። ሪሊዩ ለመጀመሪያው ድስት የሚያስፈልገውን እንፋሎት እንኳ ከአገዳ መጭመቂያው ሞተር ከሚወጣው፣ ሥራውን ከጨረሰው እንፋሎት እንዲገኝ አደረገ።

ሐሳቡን በወረቀት ላይ ማስፈርና በብረት መሥራት ግን የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። በ1833 ኤድመንድ ፎርስቶል የተባለ ባለሀብት በኒው ኦርሊንስ ሊያቋቁም ላሰበው የስኳር ማጣሪያ ሪሊዩን ዋና መሐንዲስ እንዲሆን ጋበዘው። የሕንፃው ሥራ የተሰጠው ለኖርበርት ወንድም ለኤድሞንድ ሪሊዩና ለዘመዳቸው ነበር። ሪሊዩ ጥሪውን ተቀብሎ ቢመለስም፣ በፎርስቶልና በግንበኞቹ መካከል ጠብ ተነሣ፤ አባትየውም ከልጁ ጎን ቆመ። ውጥኑ በዚሁ ፈረሰ፤ ቂሙ ግን ለብዙ ዓመታት ቆየ። በ1837 የተነሣው የገንዘብ ቀውስም የአገሩን ባለሀብቶች እጅ ስላሳጠረ፣ አዲስ መሣሪያ ለመሞከር የሚደፍር ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ።

ሪሊዩ ተስፋ አልቆረጠም። የመጀመሪያውን የአሜሪካ ፓተንት ኦገስት 26 ቀን 1843 አገኘ። የተሻሻለውንና ዝናው የተመሠረተበትን ሁለተኛውን ፓተንት ደግሞ ዲሴምበር 10 ቀን 1846 ተቀበለ። በእነዚህ ሁለት ዘመናት መካከል፣ በ1845 የመከር ወቅት፣ በፊላዴልፊያው የሜሪክና ታውን ኩባንያ የተሠራው ማትነኛ ቴዎዶር ፓክዉድ በተባለ ባለ እርሻ ንብረት በሚርትል ግሮቭ ሥራ ጀመረ። የፓክዉድ ሸሪክ የነበረው ሕግ ዐዋቂው ጁዳ ቤንጃሚንም መሣሪያውን በቤልሻስ እርሻ አስተከለ፤ ስለ ውጤቱም በጽሑፍ መሰከረ። የሚገኘው ስኳር ነጭና ጥሩ ሆነ፤ ማገዶው ቀነሰ፤ በጭልፋ መገልበጥም ቀረ። በ1849 ሜሪክና ታውን በቀን 6,000፣ 12,000 ወይም 18,000 ፓውንድ ስኳር የሚያመርቱ ሦስት ዓይነት ማትነኛዎችን ለገበያ ያቀርብ ነበር።

የሰው ሚዛን

የሪሊዩን ሥራ በሙቀት ሒሳብ ብቻ መመዘን የታሪኩን ግማሽ መተው ይሆናል። የደንበኞቹ ሁሉ ሀብት በባሮች ጉልበት ላይ የቆመ ነበር። መሣሪያው በየድስቱ ጎን ቆመው ጭማቂ የሚገለብጡትን ሰዎች ከቃጠሎ እንዳዳነ አይካድም። ዳሩ ግን ርካሽና ጥሩ ስኳር ማምረት የቻለ ባለ እርሻ ሠራተኛውን ነፃ አላወጣም፤ በአገዳው ማሳ ላይ ያለው ድካም እንደ ቀድሞው ቀጠለ። በ1860 በተደረገው ቆጠራ በሉዊዚያና ከ331 ሺህ በላይ ባሮች ነበሩ። የማሽኑን ጥቅም በጽሑፍ የመሰከረው ጁዳ ቤንጃሚን ራሱ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የባርነት ደጋፊ የሆኑት የደቡብ ግዛቶች መንግሥት ሚኒስትር ሆነ። ማሽን ሥራን ሊያቀል ይችላል፤ የሥራው ፍሬ ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው ግን የኅብረተሰቡ ሕግ ነው።

መሐንዲሱ ራሱም ከዚህ ሕግ በላይ አልነበረም። ማትነኛውን ለመትከልና ለማስተካከል ወደ እርሻዎቹ በሚሄድበት ጊዜ፣ እንደሚነገረው፣ ዕውቀቱን የሚፈልጉት ጌቶች በማዕዳቸው አያስቀምጡትም ነበር፤ ይልቁንም የተለየ ቤትና አገልጋይ ያዘጋጁለት ነበር። በ1850ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ የፖለቲካ ውጥረት እየከረረ ሲሄድ፣ በሉዊዚያና የሚገኙ ነፃ ጥቁሮችና ክልሶች መብት እየተቆረሰ ሄደ። በ1857 የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በድሬድ ስኮት ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ከአፍሪካ ዘር የሚወለድ ሰው ነፃም ቢሆን የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ።

ኒው ኦርሊንስ በረግረግ የተከበበች፣ በቢጫ ወባ ወረርሽኝ በተደጋጋሚ የምትመታ ከተማ ነበረች። ሪሊዩ ረግረጉን ለማጠንፈፍና የከተማዋን ቆሻሻ ውሃ ለማስወገድ የሚያስችል የምህንድስና ዕቅድ አዘጋጅቶ ነበር። ዕቅዱ ግን በግዛቱ ሸንጎ ተቀባይነት አላገኘም፤ ከተቃዋሚዎቹም አንዱ የቀድሞው ባላንጣው ፎርስቶል ነበር። የእርስ በርስ ጦርነቱ በተቃረበበት ዘመን ሪሊዩ አሜሪካን ለቅቆ ወደ ፓሪስ ተመለሰ።

ዳግመኛ በፓሪስ

በፈረንሳይ የጠበቀው ክብር ሳይሆን ጥርጣሬ ነበር። የማትነኛው ንድፍ ከእሱ በፊት ባሕር ተሻግሮ፣ ስኳር ከሚወጣበት የቀይ ሥር ዝርያ በሚያመርቱ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ውስጥ በስሕተት ተቀድቶ ነበር። ቀጂዎቹ ቅርጹን እንጂ መርሁን ስላልተረዱ መሣሪያው የሚጠበቅበትን አልሰጠም፤ ወቀሳው ግን የደረሰው በፈጣሪው ላይ ነው። ሪሊዩ ፊቱን ወደ ሌላ ጥናት አዙሮ በጥንታዊት ግብፅ የሥዕል ጽሑፍ ላይ መሥራት ጀመረ። በ1880 አንድ የሉዊዚያና ባለ እርሻ ፓሪስን ሲጎበኝ ያገኘው በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የግብፅን ጽሑፍ ሲፈታ ነበር።

ብዙ ሰው ሥራውን በሚያቆምበት ዕድሜ ግን ሪሊዩ ወደ እንፋሎት ተመለሰ። በ1881፣ በ75 ዓመቱ፣ ቀድሞ ባቀደው ማትነኛ ላይ የተመሠረተ አዲስ ዘዴ አቀረበ። የስኳር ፋብሪካ ሙቀት የሚፈልገው ለማትነን ብቻ አይደለም፤ ጭማቂውን አስቀድሞ ለማሞቅና የመጨረሻውን ድስት ለማፍላትም ይፈልጋል። እነዚህ ሥራዎች እስከዚያ ጊዜ ድረስ በአብዛኛው በቀጥታ ከቦይለር በሚመጣ እንፋሎት ይከናወኑ ነበር። ሪሊዩ ይህ እንፋሎት ከማትነኛው መካከለኛ ደረጃዎች ተቀንሶ እንዲወሰድ አደረገ።

የዚህ ሁለተኛ መርህ ሒሳብ እንዲህ ነው። ባለ ሦስት ደረጃ ማትነኛ ውስጥ ከመጀመሪያው ደረጃ አንድ ቶን እንፋሎት ተቀንሶ ለማሞቂያ ቢውል፣ እንፋሎቱ ቀደም ሲል አንድ ጊዜ ስለ ሠራ ከቦይለሩ የሚፈለገው እንፋሎት በአንድ ሦስተኛ ቶን ይቀንሳል። ከሁለተኛው ደረጃ ቢወሰድ ቁጠባው ሁለት ሦስተኛ ቶን ይሆናል። በጠቅላላው የሚገኘው ቁጠባ እንፋሎቱ የተወሰደበት ደረጃ ተራ ቁጥር ለጠቅላላው የደረጃዎች ቁጥር ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ማትነኛው ከዚያ በኋላ ውሃ ማስወገጃ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የፋብሪካው የሙቀት ማከፋፈያ ሆነ። ሦስተኛውና ቀለል ብሎ የሚታየው መርህ፣ ከእንፋሎቱ ጋር የሚመጡና ወደ ፈሳሽነት የማይለወጡ ጋዞች በየደረጃው ካልወጡ የሙቀቱን መተላለፊያ ስለሚዘጉ የግድ መወገድ አለባቸው የሚል ነው። የፈረንሳይ ፋብሪካዎች ዘዴውን ተቀበሉ፤ ይሁንና ሪሊዩ ከፓተንቱ መብት ከፊሉን አጣ።

ኖርበርት ሪሊዩ ኦክቶበር 8 ቀን 1894 በ88 ዓመቱ በፓሪስ አረፈ፤ በፔር ላሼዝ መካነ መቃብርም ተቀበረ።

ከስኳር ወደ ጥቁር ፈሳሽ

ሪሊዩ በእርጅናው ወደ እንፋሎት ጥናት በተመለሰበት ዘመን፣ በዳንዚግ ከተማ ካርል ዳል የተባለ ኬሚስት እንጨትን በሶዲየም ሰልፋይድ የመቀቀልን ዘዴ በ1879 አገኘ፤ የአሜሪካ ፓተንትም በ1884 ተሰጠው። የዚህ የክራፍት ዘዴ ቃጫ ጠንካራ ነበር፤ የመቀቀያው ኬሚካል ግን ውድ ስለ ሆነ ከጥቁሩ ፈሳሽ ተመልሶ ካልተገኘ ፋብሪካው አያዋጣውም። መጀመሪያ ላይ ይህን ለማድረግ የሚያገለግሉት የሚሽከረከሩ ምድጃዎች ነበሩ፤ በእነሱም ብዙ ሙቀትና ብዙ ኬሚካል ይባክን ነበር።

በካናዳዊው ጆርጅ ቶምሊንሰን የታቀደው መልሶ ማግኛ ቦይለር በ1934 በኩቤክ፣ ዊንድሰር ሚልስ በተባለ ስፍራ ሥራ ሲጀምር የሁኔታው መልክ ተለወጠ። የወፈረው ጥቁር ፈሳሽ በዚህ ቦይለር ምድጃ ውስጥ ተረጭቶ ይነዳል፤ የእንጨቱ አካል እንፋሎት ያስገኛል፤ ሶዲየም ካርቦኔትና ሶዲየም ሰልፋይድ ደግሞ ቀልጠው ከምድጃው ወለል ይፈስሳሉ። ቅላጩ በውሃ ከሟሟ በኋላ በኖራ ሲታከም እንደገና ለመቀቀያ የሚውል ኬሚካል ይሆናል። የሚተነው ውሃ ግን ምድጃ ውስጥ ከገባ ሙቀቱን ተሸክሞ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ስለዚህ ውሃው ከምድጃው በፊት በሪሊዩ ዘዴ መውጣት ነበረበት።

ቀደም ሲል የመጨረሻው ማወፈር የሚፈጸመው የቦይለሩ ጭስ ከፈሳሹ ጋር በቀጥታ እንዲገናኝ በማድረግ ነበር። ይህ አሠራር የጭሱን ሙቀት በርካሽ ሥራ ላይ ከማዋሉም በላይ የሰልፈር ጋዞችን እያስለቀቀ አካባቢውን በመጥፎ ጠረን ይሞላ ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ብዙ ፋብሪካዎች ይህን ትተው ፈሳሹን በባለ ብዙ ደረጃ ማትነኛና በማወፈሪያ ብቻ ከመቶ 65፣ ቆይቶም ከመቶ 80 ደረቅ ይዘት ድረስ ማድረስ ጀመሩ። በዚህም በአንድ ጊዜ ጠረኑ ቀነሰ፤ የቦይለሩም የእንፋሎት ምርት ጨመረ።

ጥቁር ፈሳሽ ከአገዳ ጭማቂ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። እየወፈረ ሲሄድ እንደ ሬንጅ ይለጥጣል፤ የሚፈላበት ሙቀት ከንጹሕ ውሃ በላይ ከፍ ይላል፤ ደረቅ ይዘቱ ከመቶ 50 አካባቢ ሲያልፍም የሶዲየም ካርቦኔትና የሶዲየም ሰልፌት ጥንድ ጨው በቱቦዎቹ ላይ ይጋገራል። ደረጃዎችን መጨመር እንፋሎት ይቆጥባል፤ ሆኖም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለው የሙቀት ልዩነት የተወሰነ ስለ ሆነ ደረጃ በተጨመረ ቁጥር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ ያንሳል፤ የቱቦው ስፋትና ዋጋውም ያድጋል። ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ በአምስት፣ በስድስት ወይም በሰባት ደረጃ የሚወሰኑት በዚህ ምክንያት ነው።

የሙቀት ቁጠባውን የበለጠ ለማሻሻል የሚወሰዱት እርምጃዎችም አብዛኞቹ ከሪሊዩ መርሆች የሚመነጩ ናቸው። ከማትነኛው መካከለኛ ደረጃ እንፋሎት ተወስዶ የተበከለውን የጤዛ ውሃ ለማጽዳት ይውላል። ከመጨረሻው ደረጃ የሚወጣው እንፋሎት ደግሞ ለፋብሪካው ማጠቢያ የሚሆን ሙቅ ውሃ ያዘጋጃል። ወደ ፈሳሽነት የማይለወጡት ጠረነ መጥፎ ጋዞች ተሰብስበው ይቃጠላሉ። ቱቦዎቹን በጊዜው ማጽዳትና ቫኪዩሙን ከአየር መግባት መጠበቅም ከትልልቅ መሣሪያዎች ግዥ ያላነሰ ውጤት ያስገኛል። ጥሩ ሆኖ የተቀናጀና በቂ ቁጠባ ያለው የክራፍት ፋብሪካ ከራሱ ጥቁር ፈሳሽና ከእንጨቱ ቅርፊት በሚያገኘው ሙቀት ሥራውን አካሂዶ ትርፍ ኤሌክትሪክ እስከ መሸጥ ይደርሳል።

መታሰቢያው

ሪሊዩ ከሞተ ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1934፣ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የስኳር ኢንዱስትሪ ድርጅቶች ገንዘብ አዋጥተው የነሐስ መታሰቢያ በሉዊዚያና ሙዚየም አቆሙለት። የቶምሊንሰን ቦይለር በዊንድሰር ሚልስ የተነሣውም በዚያው ዓመት ነበር። በ2002 የአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር ግኝቱን በኒው ኦርሊንስ በሚገኘው ዲላርድ ዩኒቨርሲቲ በብሔራዊ የኬሚስትሪ ታሪክ ቅርስነት አከበረ። በ2004 ደግሞ ስሙ በአሜሪካ የፈጣሪዎች የክብር መዝገብ ውስጥ ሰፈረ። በሕይወት ሳለ የተነፈገው የዜግነት ክብር የተሰጠው በዚህ ዓይነት፣ ዘግይቶ ነው።

ሥራው ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በ1954፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ ከዚያም በመተሐራና በፊንጫ የተተከሉት ፋብሪካዎች የአገዳ ጭማቂን ያወፈሩት በባለ ብዙ ደረጃ ማትነኛ ነው። የሪሊዩ ስም በማትነኛው ላይ ተጽፎ አይገኝም፤ በፈረቃው ላይ ያለ ሠራተኛ ግን የቫኪዩሙን መለኪያ ባየ ቁጥር የሚቆጣጠረው እሱ ያሰበውን ነው።

ሪሊዩ ከተፈጥሮ ሕግ አንድም አልለወጠም፤ አዲስ ማገዶም አላገኘም። ያደረገው ሌሎች ሥራው አለቀ ብለው የሚጥሉት እንፋሎት ገና ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ማስላትና ያንን በብረት ሠርቶ ማሳየት ነው። ኃይልን ለመቆጠብ የሚነሣ መሐንዲስም ሥራውን የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ አዲስ ቦይለር ከመጠየቁ በፊት ከፋብሪካው የሚወጣውን እያንዳንዱን እንፋሎት፣ ምን ያህል ሙቀት እንደ ያዘና ለምን እንደሚጣል፣ በመለኪያ ይመረምራል። የኒው ኦርሊንስ ሹማምንት ግን ከመካከላቸው የወጣውን መሐንዲስ በዚህ ዓይነት ሚዛን አልመዘኑትም። ማትነኛውን አስቀርተው ሰውየውን ለፓሪስ ለቀቁ፤ ረግረጉን ሊያጠነፍፍላቸው ያዘጋጀው ዕቅድም ሳይሠራበት ቀረ።